ለባሌ የሠራሁለት ልጓም

ከሠርጉ በኋላ ለምላሽ ወደ አባቴ ቤት በተጠራን ጊዜ ባሌን ገና አላውቀውም ነበር። በሠርጉ ሰሞን ዓይኔን ከመሬት ስላላነሣሁ ከፊቱ ይልቅ እግሩን ነው የለየሁት፤ ሰፊ፣ ጣቶቹ የተራራቁ፣ ሲቆም መሬቱን የሚጨብጥ የሚመስል እግር ነበር። የቀረውን ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። ከደምበጫ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው አገር ጀርባውን መሬት ያስነካው ጎልማሳ የለም ይሉ ነበር። አባቴም እኔን ለእሱ ሲሰጥ ስለ በሬዎቹና ስለ ማሳው ብዙ አላወራም። ለእናቴ "ትግል ያውቃል" አላት፤ ይህን ሲል ፊቱ እንዴት እንደ በራ አስታውሳለሁ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ያን ጊዜ ዓመት አልሞላውም። በከተማው ምሽግ ይሠራል፣ መንገድ ያስጠርጋል፣ ሰው ይሰበስባል ይባላል፤ እኛ ጋ ግን እጁ ገና አልደረሰም። አንዳንድ ቀን አሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ከብቱ ይደነብራል፣ ሰዉ ወደ ቁጥቋጦው ይሮጣል፣ ድምፁ ሲርቅ ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ሥራውን ይይዛል። ሠርጉም ምላሹም እንደ ወትሮው ይደረግ ነበር።

ምሳ ተበልቶ ጠላው ከዞረ በኋላ ጎልማሶቹ ወደ አውድማው ወጡ። የመንደራችን ልጆች ሙሽራው ከወንድሟ ጋር ይያያዝ ብለው ተነሡ። ወንድሜ ታላቄ ነው፤ "አያ" ነው የምለው። እሱንም በእኛ ሰፈር የጣለው አልነበረም። ሁለቱም እየሳቁ ጋቢያቸውን ጣሉና ተያያዙ።

ባሌ አልቸኮለም። የወንድሜን ክንድ ይዞ በዝግታ ይዞራል፣ እግሩን አንሥቶ ያስቀምጣል። የቸኮለ ወንድሜ ነው። ጎንበስ ብሎ ከሥር ገባና ወገቡን አቅፎ በኃይል ቀና ሲል አናቱ የባሌን አገጭ ከታች መታው። ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ የወጣውን ድምፅ እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ሰማሁት። ሰው ሁሉ ይወድቃል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን እንደ ተመታ እግሩን ከወንድሜ እግር ኋላ አግብቶ ጠለፈው፣ ጀርባውን ከአውድማው አገናኘው፣ እጁን ዘርግቶም አነሣው። ዞር ብሎ አፉን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ደሙ በነጭ እጀ ጠባቡ ላይ ወረደ።

ምላሱ ከጫፉ ዝቅ ብሎ ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም። ከታች ጥርሶቹም አንዱ ተሰብሯል። አባቴ ወጌሻ አስጠራ። ወጌሻው አፉን በጨው ውኃ አጥቦ የተቆረጠውን በፈረስ ጭራ ሰፋለት፤ ባሌ የድንጋይ ካብ ይዞ ቆሞ አንድ ጊዜም አላቃሰተም። ሽማግሌው ወጌሻ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

"ልጄ፣ እስኪገጥም ድረስ እንዳይናገር። ቃል ካወጣ ስፌቱ ይፈታል። የሚጠጣ ብቻ ስጪው።"

ሙሽራ ነኝና መልስ ለመስጠት አልደፈርሁም፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ትዳራችን እንዲህ ሆኖ በዝምታ ተጀመረ። ጾሙ ገብቶ ነበርና አጥሚት ያለ ቅቤ እያቀጠንሁ፣ በሶ እየበጠበጥሁ፣ የተልባ ውኃ እያጠለልሁ በቅል አጠጣዋለሁ። መጀመሪያ የሚፈልገውን ማወቅ ይቸግረኝ ነበር፤ ቀስ በቀስ ገባኝ። ጉልበቱን መታ መታ ካደረገ ውኃ ነው። ጆሮውን ከያዘ ውጭ የተሰማው ድምፅ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ እንደ ቀንድ ካቆመ በሬዎቹ በሉ ወይ እያለኝ ነው። ከማይናገር ሰው ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ ስለ ጨነቀኝ እኔ ማውራት ጀመርሁ። በእናቴ ቤት የሆነውን ሁሉ አወራሁለት፤ አያ ልጅ ሆኖ ከጠላ ጋን ውስጥ ወድቆ እንዴት እንደ ወጣ፣ ጉም ከጮቄ ሲወርድ በግ የጠፋብን ቀን እንዴት እንደ ዋልን፣ አክስቴ ሦስተኛ ባሏን ስንት ጊዜ ጥላው እንደ ተመለሰች። እሱ ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፤ የሚስቀው ትከሻው ነው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ለማየት ብዬ ከልቤ አፍልቄ የጨመርሁትም ብዙ ነው። ቀና ብዬ ፊቱን ያየሁት በዚያ ጊዜ ነው። የሚመልስልኝ በዓይኑ ስለ ነበር ካላየሁት መልሱን አላገኝም።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ አንድ ጠዋት የላመ ፍትፍት አቀረብሁለት። ቀመሰና አየኝ።

"ተው የለውም" አለ።

ከምላሹ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ደነገጥሁ። "ምኑን ልተው?" አልሁት።

"ተው" አለ ደግሞ፣ ጣቶቹን አገጣጥሞ በገበታው ላይ የሚበትን እያስመሰለ።

ለካ ጨው ነው የሚለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ በትከሻው፣ እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ። ከዚያ ወዲያ "ጨ"ም "ሰ"ም ካፉ ተስተካክለው ወጥተው አያውቁም። እሱ ያፍርበት ነበር፤ ሰው ፊት አጭር አጭር ነው የሚናገረው። እኔ ግን ወደድሁት። ለብቻችን ስንሆን ጨው የሚያስጠራውን ነገር ሆን ብዬ አመጣበታለሁ፤ ሲገባው ትራስ ይወረውርብኛል።

ሰኔ ላይ እንደገና እታገላለሁ አለ። እናቱ ቀደም ብለው ሞተዋል፤ በቤቱ ያለነው እሱና እኔ፣ ደግሞም አባቱ ነን። አማቴ ዝም አሉ። እኔ ዝም አላልሁም።

"ባይታገሉስ?" አልሁት።

"ባልታገል ምን ልሠራ?"

"እርሻ አለ።"

"እርሻ ሥራ ነው" አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጨረሰውም፤ እጁን ወደ ሜዳው ዘርግቶ ተወው። አውድማው ላይ ያየሁት ሰው ትዝ አለኝ፤ ሲዞር፣ እግሩን በዝግታ ሲያነሣና ሲያስቀምጥ። ያንን ሰው እኔም ልከለክለው አልፈለግሁም።

"እንግዲያው በአፍዎ አንድ ነገር ይንከሱ። ምላስዎ ከጥርስዎ መሐል እንዳይገባ የሚይዝ ነገር" አልሁት።

አማቴ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። በጎልማሳነታቸው እሳቸውም ይታገሉ ነበርና "እኛ የጋቢ ጫፍ ነበር የምንነክስ" አሉ።

ወንድሜ በዚያ ሰሞን ነው እኛ ቤት መመላለስ የጀመረ። በመጀመሪያው ቀን አፍሮ በር ላይ ቆመ። ባሌ ከውስጥ አየውና "ግባ እንጂ፣ የወደቅህ አንተ ነህ፤ እኔ ምን ሆንሁ?" አለው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣል፤ ከቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ይያያዛሉ። እኔ ከካቡ ላይ ተቀምጬ አያለሁ።

መጀመሪያ የሞከርነው ጨርቅ ነው። ካረጀ ነጠላ ቀድጄ፣ አጣጥፌ፣ ዳሩን ሰፍቼ ሰጠሁት። ጥቂት እንደ ታገሉ ፊቱ ጠቆረ፤ ጨርቁን ተፍቶ ጎንበስ ብሎ አየር ሳበ። ጨርቁ ምራቁን ጠጥቶ አብጦ አፉን ሞላው። በአፍንጫ ብቻ የሚሳበው ትንፋሽ ለትግል አልበቃም።

አማቴ ወይራ ቆርጠው ልጠው አመጡ። ቀጥ ያለ፣ ከጣት የቀጠነ፣ ደስ የሚል እንጨት ነበር። ወንድሜ አገላብጦ አየና "ይህ የሚሰበር እንጨት አይደለም፤ የሚሰበረው ጥርሱ ነው" አለ። አማቴን ላለማስቀየም ባሌ ነከሰው። አንድ ጊዜ እንደ ወደቁ እንጨቱ ዞሮ ጉንጩን ከውስጥ ወጋው። አማቴ እንጨታቸውን ተቀብለው ሄዱ፤ ማታ ጥርሳቸውን ሲፍቁበት አየሁ።

ቀጥሎ ሰም ነው። ከቀፎ የወጣ ሰም እሳት ዳር አለስልሼ በላይኛው ጥርሱ ላይ አስገባሁለት። ሲያወጣው የጥርሶቹ ቅርጽ አንድ ባንድ ተስሎበት ነበር። ይዤው ብዙ ቆየሁ። በእጄ ላይ ያለው የእሱ አፍ መሆኑ አንድ ዓይነት ስሜት ሰጠኝ፤ ማንም ስላላየኝ ደስ አለኝ። የተስማማው መስሎን ነበር። ከወንድሜ ጋር ተያይዘው ገላው ሲግል ግን ሰሙም ላላ፣ ተቆራረጠ፣ ግማሹ በጉሮሮው ወረደ።

"ምን ሆንህ?" አለ ወንድሜ ለቅቆት።

"ሰም ዋጥሁ" አለ ባሌ። "ፈትል ብቻ ነው የቀረኝ። ከዚያ ጧፍ ነኝ።" "ሰም"ን እንዴት እንዳላት ብነግራችሁ እወድ ነበር፤ በፊደል አይወጣልኝም።

ነገሩ የተገኘው በመስከረም ነው። አማቴ አልጋቸው ረግቦ ጠፍሩን እያደሱ ነበር። እርጥቡን ጠፍር ሲወጥሩ እጃቸው ስለማይበቃ ጫፉን በጥርሳቸው ይይዙታል። በማግስቱ አልጋውን ሳነጥፍ ቆዳው ደርቆ፣ በነከሱበት ቦታ ጥርሳቸው እንዳለ ታትሞ አየሁ። በጥፍሬ ብጫነው እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ሮጬ ወጣሁ።

"አባባ፣ የተረፈ ጠፍር አለ?"

"ምን ሊሠራልሽ?"

"ለአፉ።"

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

የትኛው ቆዳ እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ጊዜ ወሰደብን። ከበሬ አንገት የወጣው ወፍራም ነው፤ ቢነክሰው ከንፈሩ አይገጥምም። የፍየሉ ስስ ነው፤ ወንድሜ አንድ ጊዜ በክርኑ ሲነካው ተበሳ። የጥጃው ልክ ሆነ። ጠረኑ ግን አያስቀርብም። ደጋግሜ አጠብሁት፤ የወተት ዕቃ እንደማጥን በወይራ አጠንሁት። በቢላዋ እንደ ፈረስ ኮቴ አጎብጬ ቆረጥሁትና በለብታ ውኃ ነክሬ አፉ ውስጥ ከተትሁለት።

ያን ቀን እስከ ምሳ ከፀሐዩ ተቀምጦ ነከሰ። መናገር ስለማይችል ጉልበቱን መታ መታ አደረገ፤ ውኃ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ቆዳውን ሳያወጣ መጠጣት እንደማይችል ደግሞ ያውቃል። ዓይኑ ይስቅ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ጥጥ እየባዘትሁ እንደ ጾሙ ጊዜ አወራሁለት። ጎረቤት ሲያልፍ አላቆምሁም። በዚያ ፀሐይ ውስጥ በዓለም ላይ የጎደለኝ ነገር አልነበረም።

ቆዳው ጥላ ውስጥ ደርቆ ቅቤ ጠጥቶ ሲለሰልስ ባሌ ነከሰና ለወንድሜ አገጩን አቀረበለት። ወንድሜ እጁን ጨብጦ ቆመ፤ ወደ እኔ አየ።

"አያ፣ ምታው" አልሁት።

መታው። ባሌ ራሱን ነቀነቀ፣ ከንፈሩን ገለጠ፤ ከጥርሱ በላይ ቡናማው ቆዳ ታየ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ "ሚስቱ ለጎመችው" እያለ ይስቅብን ጀመር። ነገሩንም ልጓም አሉት፤ እኛም ሌላ ስም አላወጣንለትም።

የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ወንዝ ወርዶ፣ በሜዳው ትግል ተጀመረ። ያን ዓመት ከደብረ ማርቆስ አንድ የጣሊያን ሹም በበቅሎ መጥቶ ነበር፤ ጠመንጃ የያዙ ባንዶች ዙሪያውን ቆመዋል። ከባንዶቹ አንዱ ግዙፍ ሰው ዝናሩን ፈትቶ ወደ መሐል ገባ። ከእሱ ጋር የሚያያዝ ጠፋ። ሰው ፈርቶ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢጥሉትስ ምን ይከተላል? ባሌ ልጓሙን ከብብቱ አውጥቶ ነከሰና ገባ።

ሰውየው ያውቅበታል። ክብደቱን ጥሎ ይገፋል፤ መንገድ ሲያጣ በትከሻው አገጩን ከታች ይመታዋል። በተመታ ቁጥር እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ባሌ በዝግታ ይዞራል፣ እግሩን አንሥቶ ያስቀምጣል። ጥላቸው ወደ ሌላው ጎን እስኪዞር ድረስ የተያያዙ መሰለኝ። በመጨረሻ ሰውየው እንደገና ሊመታው ከፍ ሲል ባሌ ከሥሩ ገባና በጎኑ አሽከርክሮ በጀርባው አስተኛው።

እልል ያለ የለም። የሚሰማው የወንዙ ውኃ ብቻ ነው። ሰውየው ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ።

"በአፍህ የያዝኸውን እስቲ አሳየኝ" አለው።

ባሌ አውጥቶ በጋቢው ጠርጎ ሰጠው። ባንዳው በፀሐይ እያገላበጠ አየው።

"ማን ሠራልህ?"

"ሚስቴ።"

"እጇ ይባረክ" ብሎ መለሰለትና ዝናሩን ታጥቆ ሄደ።

ያ ሰው ጥቂት ቆይቶ ከደምበጫ ገበያ ላይ ወንድሜን አገኘው። ጨው የሚመርጥ መስሎ አጠገቡ ጎንበስ ብሎ "አንተም የእኅትህም ባል ጠመንጃ ደብቃችኋል ተብሎ ስማችሁ ተሰጥቷል። ቤታችሁ እንዳታድሩ" አለው። ለምን እንደ ነገረን እስከ ዛሬ አላውቅም። በኋላ ጠይቀን ነበር፤ የት እንደ ደረሰ የሚነግረን አላገኘንም።

ጠመንጃው በእርግጥም ነበር፤ የአማቴ አሮጌ ውጅግራ ከጎተራው ሥር ተቀብሮ። በዚያው ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ ባሌና ወንድሜ ጠመንጃውን ቆፍረው አውጥተው ወጡ። በሶና ቋንጣ ቋጠርሁላቸው። የቋጠሮውን አፍ ደጋግሜ አጠበቅሁት።

"ገብሱን አይጥ እንዳይጨርሰው" አለኝ።

"እጠብቃለሁ።"

"አባቴንም።"

"እሳቸውንም።"

መንገዱን ትተው በማሳው ጠርዝ ሄዱ። ቁመቱ ረጅም ስለ ነበር ከወንድሜ ይልቅ እሱ ብዙ ታየኝ።

አንድ ጊዜ መጣ። ሐምሌ ነው፤ ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖ በቀን የሰው ፊት አይለይም ነበር። ከበሩ ላይ የቆመውን ሰው መጀመሪያ አላወቅሁትም። ጢሙ አድጓል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ እግሩ ቆስሏል። ልብሱን አወለቅሁለት፣ እግሩን አጠብሁት፣ ትኩስ ነገር አበላሁት። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ከላይ ካለው ጫካ ይጠብቀዋል።

"ልጓሙስ?" አልሁት፤ ከሁሉ ነገር እሱን ነው መጀመሪያ የጠየቅሁት።

"ጨሞጋን ስንሻገር ከብብቴ ወጥቶ ውኃው ወሰደው።"

ጨሞጋን "ተሞጋ" ብሎ ነው ያለው። እንደዚያ ሲል ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እሱም ገብቶት ትከሻው ሳቀ።

"በጫካ ይታገላሉ?"

"ሰው ሲሰለቸው እንያያዛለን። ወንድምሽ አሁንም ይቸኩላል።"

የጥጃ ቆዳ ተርፎኝ ነበር። ቆርጬ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። ማደሩን እንጃ አለኝ፤ ከዋለ ግን ቅርጹን ይይዛል፣ እየሄደም ቢሆን ይደርቃል ብዬ አሰብሁ። ነከሰው፤ ከእሳቱ ዳር ተቀመጠ። እንደ ድሮው ማውራት ጀመርሁ። ላሟ መውለዷን፣ አማቴ እየሳሉ መሆናቸውን፣ ከጎረቤት ማን እንዳገባ ነገርሁት። ጣቶቹን እንደ ቀንድ አቁሞ ስለ በሬዎቹ ጠየቀኝ። አንዱን ባንዶች እንደ ነዱት አልነገርሁትም፤ ደኅና ናቸው አልሁት።

ብዙም ሳይቆይ አማቴ ጉሙን ሰንጥቀው ገቡ። "ልጄ፣ ተነሥ። ከታች መንደር ወታደር ገብቷል" አሉ።

ተነሣ። እርጥቡን ጋቢ አለበስሁት፣ ጠመንጃውን አቀበልሁት። ቆዳው አፉ ውስጥ ነበር። ሊያወጣው እጁን አነሣ፤ ያኔ ነው "ይተዉት፣ ቅርጹ ይበላሻል" ያልሁት። እጁን መለሰ። በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ብዙ ነገር አለኝ፤ መዳፉን በራሴ ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ጉም ውስጥ ገባ። ድምፁን ሳልሰማ ሄደ። ያን ቃሌን ስንት ጊዜ በልቤ እንደ መላለስሁት። ቅርጹ ቢበላሽ ምን ነበረበት? አንድ ቃል ቢለኝ፣ ጨው የሚል እንኳ ቢሆን።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጠበቅ ነው። ወሬ ይመጣል፤ በዚህ በኩል ተዋጉ፣ በዚያ በኩል አመለጡ፣ በደብረ ወርቅ በኩል አለፉ ይባላል። ቤታችን ተቃጠለ፣ አማቴም በዚያው ሰሞን በሳሉ ሞቱ፤ እኔ ወደ አባቴ ቤት ተመለስሁ። ጣሊያን ለቅቆ አርበኛው ደብረ ማርቆስ ሲገባ ከመንገዱ ዳር ቆሜ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አየሁ። ሁሉም ጢማምና ከሲታ ስለ ነበር ፊታቸውን ትቼ እግራቸውን አይ ጀመርሁ። እሱ አልነበረበትም። ወንድሜ ግን ሌላ ቀን ብቻውን መጣ። ደጃፋችን ሲደርስ አልገባም፤ ካቡ ላይ ተቀመጠ፤ በአቀማመጡ ነገሩን አወቅሁት።

ጥይት አይደለም የገደለው። ዓባይ በረሃ ወርደው ሳሉ የወባ ንዳድ ያዘው፤ ሊያወጡት ሲሸከሙት ከደጀን በታች ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሞተ። እዚያው ቀበሩት።

መስከረም ሲጠባ ከወንድሜ ጋር ሄድን። የቤተ ክርስቲያኗ ቄስ ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ስለ ቀበሩ ትክክለኛውን ቦታ አላስታወሱም። ከዚህ ዋንዛ እስከዚያ ካብ ባለው መሐል ነው አሉን። ሣር ሞልቶበታል። ከታች ገደሉ ተከፍቶ የበረሃው ሙቀት ፊታችንን ይመታል። ወንድሜ ራቅ ብሎ ቆመ።

ቄሱ ሊጸልዩ መስቀላቸውን አወጡና "ስሙን ማን ልበል?" አሉኝ።

ባል በስም አይጠራም በእኛ ዘንድ። ስንጋባም፣ አብረን ስንኖርም፣ ሳለቅስለትም እሱ እል ነበር እንጂ ስሙ ካፌ ወጥቶ አያውቅም። ወንድሜ ሊመልስልኝ አንድ እርምጃ መጣ። እጄን አነሣሁና ቆመ። ተናገርሁት። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ቄሱ አልሰሙኝም መሰለኝ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው "ምን አልሽ ልጄ?" አሉኝ፤ ደግሜ ተናገርሁ፣ ከፍ አድርጌ።

ዳገቱን ስንወጣ ወንድሜን "ምን ይል ነበር?" አልሁት።

"ስለ ምን?"

"እንዲያው፣ በተቀመጣችሁበት።"

"ጣሪያ ሊከድን ነበር" አለኝ። "ሲመለስ ማእድ ቤቱን ሊያሰፋ። የጭሱ መውጫ ጠባብ ነው፣ ዓይኗን ይጎዳታል ይል ነበር።"

በኋላ ከደምበጫ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገባሁ። ደግ ሰው ነበር፣ ጨዋታ ያውቃል፤ ልጆች ወለድሁለት፣ አብረን አረጀን፣ አልቅሼ ቀበርሁት። በሕይወቴ አላማርርም። ወንድሜ ከዚያ ወዲያ ትግል አልያዘም፤ ልጆቼ አስተምረን ብለው ቢለምኑትም ወገቤን ያመኛል ይላል።

ሰዎች የዚያን ዘመን ነገር ሲያነሡ ጦርነቱን ያወራሉ፤ የቆመውን፣ የወደቀውን፣ የተቃጠለውን። እኔ ሲያወሩ ዝም ብዬ እሰማለሁ። የምናፍቀው ግን እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጥሎልኝ ወደ ሜዳው ሲወርድ፣ ጋቢው የገላውን ሙቀት ገና እንደያዘ።